የኔታን ክፍል ያስገባሁ ቀን

ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ሊያባዙ የሚያመጡትን ስለማነብ ወረፋው ይረዝምና ይጮሁብኛል። አንድ ቀን ግጥም የምታስተምረውን መምህርት፣ «ሳልመዘገብ ገብቼ ላዳምጥ?» አልኳት። ከሐዋሳ የመጣች ወጣት ናት።

«ፈተና የለህም፣ ውጤትም የለህም። ክፍሉን እስካልረበሽክ ተቀመጥ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ ሳል ሲመጣብኝ እንኳ በክንዴ አፍኜ። ከአሥረኛ ክፍል አቋርጦ ከገጠር ከኮሶዬ ለመጣ ሰው ያቺ ወንበር ቀላል ነገር አይደለችም።

ጎረቤቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው፤ የኔታ እላቸዋለሁ። የሰማሁትን ስነግራቸው፣ «ምነው እኔንስ ብትወስደኝ? ያሁኑን ግጥም እንዴት እንደሚፈቱት ልስማ» አሉ። አስፈቅጄ ወሰድኳቸው።

ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አጠገቤ ተቀመጡ። መምህርቷ ሰሌዳው ላይ አንድ አጭር ግጥም ጻፈች። ገጣሚው እናቱ መሞቷን ሳይናገር፣ በር ላይ የቀረውን ላስቲክ ጫማዋን ብቻ እያየ ሐዘኑን እንዴት እንዳስተላለፈ ተነተነች። ክፍሉ ጸጥ እንዳለ የኔታ፣

«ይበል!» ብለው ጮኹ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «አባ፣ ቅዳሴ መሰለዎት እንዴ?» አለ አንዱ። «እኛም ተሰጥዎውን እንቀበላ!» አለ ሌላው።

የመምህርቷ ፊት ተለዋወጠ። የቀረውን በጥድፊያ ጨርሳ ተማሪዎቹ ሲወጡ እኔንና የኔታን ኮሪደሩ ላይ አስቆመችን።

«አዳምጥ አልኩህ እንጂ የሚያሾፍብኝ ሰው አምጣ አልኩህ?»

ወንበሬ ሄደች አልኩ በልቤ። «ቲቸር፣ ማሾፍ አይደለም። ቅኔ ቤት መልካም ነገር ሲሰማ እንዲህ ነው የሚባለው።»

«ልጄ፣ ሸጋ አድርገሽ ፈታሽውና አፌ አመለጠኝ» አሉ የኔታ። «እኛ ዘንድ ዝም የሚባለው ቅኔው ሳይጥም ሲቀር ነው። ያኔ የተቀኘው ሰው አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል።»

«እንዲያ ከሆነማ እነዚህ ልጆች ሴሚስተሩን ሙሉ ሲሰድቡኝ ነዋ የከረሙት!» አለች።

«ኧረ እነሱስ አልሰደቡሽም» አሉ የኔታ። «ስልካቸውን እያዩ ነው።»

ሳቋ ኮሪደሩን ሞላው። «ይምጡ አባቴ፣ ሲፈልጉ ይምጡ» አለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተስ? አንድ ቀን ትንፍሽ ብለህ አታውቅም። አልጣመህም ማለት ነው?»

እንዳልባረር ብዬ ነው ማለት አሳፈረኝ። የኔታ በመቋሚያቸው ጎኔን ነካ አደረጉኝ።

«የዛሬው ግጥም መጨረሻው አልጣመኝም» አልኩ። «ጫማውን ካሳየን በኋላ ‹አዘንኩ› ማለት አልነበረበትም።»

በእጇ የቀረውን ጠመኔ ዘረጋችልኝ።

«ሰሌዳው ገና አልጠፋም። ግባና እንዴት መጨረስ እንደነበረበት አሳየኝ።»

የኔታ ቀድመውኝ ገብተው ከፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ።