ከሦስት አፍ የሚጠበቅ ቃል

ካፓምብዌ ከሉዋፑላ ወንዝ ዳር ተነስቶ ወደ መዳብ ማዕድኑ ሲመጣ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አያውቅም ነበር። መጀመሪያ የያዘው «ክሊር» የሚለውን ነው፤ ለብዙ ጊዜም ሌላ አላስፈለገውም። ሐኪሙ የደረቱን ራጅ ወደ መስኮቱ አንስቶ «ክሊር» ካለ ሳንባው አቧራ አልያዘም፤ ወደ ጉድጓዱ ሊወርድ ይችላል። በሥራ መውጫ ላይ ኪሱንና ቦቲውን የሚፈትሸው ዘብ «ክሊር» ካለው ቤቱ ይገባል። የፈረቃው አለቃ ትእዛዝ ደርድሮ «ክሊር?» ብሎ ሲያፈጥበት ያልገባውም ገባኝ ማለት አለበት። በመጠጥ ቤት ቢራውን እስከ አተላው የጨለጠ ሰው ባዶውን ዕቃ ገልብጦ «ክሊር!» ይላል። ሚስቱ ቻንሳ እንኳ የሕፃኗን የምዋፔን ግንባር ዳስሳ ትኩሳቱ ከለቀቃት «ክሊር ነች» ትለዋለች።

ከመሬት በታች ግን ያው ቃል የሰው ነፍስ ይሸከማል። ካፓምብዌ ድማሚት የሚያፈነዳ ሠራተኛ ነው። አለቱ ተበስቶ ድማሚቱ ከተጠቀጠቀ በኋላ ወደዚያ በሚያስገቡት ሦስት መተላለፊያዎች አፍ ላይ ሦስት ዘቦች ይቆማሉ። ካፓምብዌ ከርቀት ይጣራል፤ እያንዳንዱ ዘብ ውስጥ ሰው አለመኖሩን አይቶ «ክሊር» ይላል። ሦስቱ ሲሞሉ ቁልፉን ማፈንጃው ውስጥ ከቶ መዘውሩን ያዞራል።

ባለፈው ክረምት በጎረቤት ጉድጓድ ሦስት ድምፅ «ክሊር» ካለ በኋላ ሁለት ሰዎች ከአለቱ ጋር አብረው ፈነዱ። የዋሸ ሰው አልነበረም። አንዱ ዘብ ቃሉን ቀኑን ሙሉ እንደሚለው ሁሉ፣ ሳያይ በልማድ ብሎት ነው። ከቀብሩ ወዲህ ካፓምብዌ ቃሉን ማመን ተወ። ሦስቱም ከመለሱለት በኋላ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ራሱ ገብቶ ማየት ጀመረ።

የፈረቃው አለቃ ሲካዝዌ ይህን አልወደደለትም።

«በአንተ ምክንያት ጭሱ ሳይወጣ ቀጣዩ ፈረቃ ይደርሳል» አለው። «ዛሬም ገብቼ ልይ የምትል ከሆነ ቁልፉን ታስረክባለህ። ክሊር?»

«ክሊር፣ ጌታዬ» አለ ካፓምብዌ።

በዚያ ቀን አንደኛው ዘብ መለሰ፤ ሁለተኛውም መለሰ። ሦስተኛው ዘብ ምቶንጋ ግን ጥሪው ሳያልቅ ነበር የጮኸው።

«ክሊር ነው፣ አንተ ጦጣ በላ! እዚህ አይጥ እንኳ የለችም!»

«ብትኖር ኖሮማ በልተሃት ነበር! ገብተህ አይተሃል ወይ?»

«ክሊር አልኩህ እኮ! የቤምባ ጆሮ በሰም ነው የተደፈነው?»

ምቶንጋ ከንጎኒ ጎሳ ነው፤ ካፓምብዌ ከቤምባ። ቤምባና ንጎኒ ሲሰዳደቡ መቀየም ነውር ነው፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ ይቀላለዳሉ። ስለዚህ ካፓምብዌ ምቶንጋ የምሩን ይሁን የቀልዱን ለይቶ አያውቅም። እጁን መዘውሩ ላይ አደረገ። እጁ እምቢ አለው። ቁልፉን ነቅሎ ገባ።

ውስጥ ማንም አልነበረም። ከአለቱ የተንጠለጠሉት ሽቦዎችና የሚንጠባጠብ ውሃ ብቻ። ሲመለስ ሲካዝዌ መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቀው ነበር።

ቁልፉ የማፈንዳት ፈቃድ ለነበረው ለምቶንጋ ተሰጠ፤ ካፓምብዌ በምቶንጋ ቦታ ዘብ ሆነ።

«ደግ አደረጉ» አለች ቻንሳ ንሺማውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ እያቀረበችለት። «አሁን እንኳ ትተኛለህ፣ የምዋፔ አባት።»

እሱም እንደዚያ መስሎት ነበር። በማግስቱ ግን በሦስተኛው አፍ ላይ ቆሞ ወደ ጨለማው አየ። የራስ መብራቱ የሚደርሰው እስከ መታጠፊያው ነው። ከመታጠፊያው ወዲያ አንድ ሰው መሣሪያ ረስቶ ተመልሶ ቢሆንስ? ደክሞት ጋደም ብሎ ቢሆንስ? ገባ።

ድማሚት የጎረሰው አለት ፊት ደርሶ ዙሪያውን ካየ በኋላ ነው ነገሩ የታየው። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ የለም። ቁልፉ ያለው ሁሉን ነገር በሚቀልድበት ሰው እጅ ነው።

ወዲያው ከሩቅ የምቶንጋ ጥሪ መጣ፤ «ክሊር!» የሚል ድምፅ ተከተለ። ሌላ «ክሊር!» ተከተለ። ሁለቱ ድምፆች ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተሙ ሦስት ሆኑ፤ አራት ሆኑ። ከውጭ ለሚሰማ ሰው የትኛው ከየትኛው አፍ እንደ ወጣ በምን ይለያል?

«ቆይ!» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱን አለቱ ዋጠው። ሮጠ። ቦቲው ጭቃ ውስጥ እየተያዘ፣ ትከሻው ከግድግዳ እየተጋጨ ሮጠ። በእያንዳንዱ እርምጃ ጀርባውን የሚበላው እሳት ይጠብቅ ነበር። መታጠፊያውን አልፎ አፉ ላይ ሲደርስ ተንበረከከ።

ፍንዳታ አልመጣም። ከዚያ የምቶንጋ ድምፅ ቀጥኖ መጣ።

«ካፓምብዌ! ኧረ ካፓምብዌ!»

«ክሊር» አለ ካፓምብዌ፤ ትንፋሽ ስላጠረው ደግሞ መጮህ ነበረበት። «ክሊር!»

መሬቱ ተንቀጠቀጠ። አቧራው አልፎት ከሄደ በኋላ ምቶንጋ መጣ። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«የት ነበርክ?»

«ውስጥ።»

ምቶንጋ ከጎኑ ተቀመጠ። «ሦስት ድምፅ ቆጥሬ ነበር። እጄ መዘውሩ ላይ ነበር፣ ወንድሜ።»

«ታዲያ ምን ያዘህ?»

«ሦስተኛው ያንተ ድምፅ አልመሰለኝም። ብቻ… አልመሰለኝም።» ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «ነገም ትገባለህ?»

«እገባለሁ።»

«ስምህን ጠርቼ አንተ ካልመለስክልኝ አልነካውም።»

«ሲካዝዌስ?»

ምቶንጋ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በጡጫው ጨበጠ። ከላይኛው መተላለፊያ ሲካዝዌ ፍንዳታው ለምን እንደ ዘገየ እየጠየቀ ሲመጣ ተሰማ። ሁለቱም ከተቀመጡበት ሳይነሱ ድምፁ ሲቀርብ ያዳምጡ ነበር።