በግዝት የታሸገው የአባቴ ቃል

ይህ የደረሰብኝ አምና፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ሰው "ጊዜ ያስረሳል" ይላል። ውሸት ነው። ጊዜ ያስረሳኝ ነገር ቢኖር የአባቴን ሳቅ ነው፤ አሟሟቱን ግን ዛሬም ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ መፍትሔ ፈልጌ አይደለም፤ መፍትሔ የለውም። ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው።

እኔ እንጅባራ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ። አባቴ ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ሲያርስና ከሰል ሲያከስል የኖረ ሰው ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ የሚኖረው ከታላቅ ወንድሜ ከምናለ ጋር ነበር። የከሰሉ ጭስ ይሁን ሌላ እንጃ፣ ሳንባው እየከዳው መጣ። በመጨረሻማ ከቤት እስከ በረት ለመድረስ እንኳ መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ ያርፍ ነበር።

እንጅባራ ያየው ሐኪም ልጅ እግር ነው፤ ግን አልዋሸንም። "አባት፣ ይህ በሽታ አይድንም" አለው። "አንድ ቀን ትንፋሽዎ እምቢ ይላል። ያኔ ባሕር ዳር ተልከው፣ በጉሮሮዎ ቱቦ ገብቶ በማሽን ሊተነፍሱ ይችላሉ። ሳንባዎን ግን አያድነውም። ምን እንዲደረግልዎ እንደሚፈልጉ አንደበትዎ ሳለ ለልጆችዎ ይንገሩ፤ ያስጽፉም።"

አባቴ ምርጫው የራሱ መሆኑን ሲሰማ ደስ አለው ብል ታምኑኛላችሁ? አንድ ጎረቤታችን እንዲያ ተወስዶ ሬሳው ነበር የተመለሰ። "ሰው በማያውቀው አገር፣ አፉ ተወትፎ፣ ኧረ ወዲያ!" እያለ ያዝንለት ነበር።

ቤት እንደገባን ጻፊ አለኝ። እሱ በአገውኛ ይናገራል፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። "ትንፋሼ ሲያጥር ባሕር ዳር አትውሰዱኝ። በጉሮሮዬ ምንም አታስገቡብኝ። ከቤቴ፣ ከመደቤ ላይ ልሙት። የነፍስ አባቴ ይጠሩልኝና ቆርቤ ልሙት።" ቀጥሎ እኔንና ምናለን አየን። "ይሄ ወረቀት ለእኔ አይደለም፣ ለእናንተ ነው። አባታቸውን ሳያሳክሙ ገደሉት ሊሏችሁ ሲመጡ ይሄን አሳዩአቸው" አለን። ሁለታችንም አለቀስን። "ምን ያስለቅሳችኋል? ገና አልሞትሁም!" ብሎ ተቆጣን።

ጥፋቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያለ ምስክር የተጻፈ ነገር ዋጋ የለውም ብለን የነፍስ አባታችንንና ሁለት ሽማግሌዎች ጠራን። እኛ አገር ቄስና ሽማግሌ ተቀምጦ የታመመ ሰው ቃል ከተጻፈ ያ ኑዛዜ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። አንደኛው ሽማግሌ "ካልህ አይቀር መሬቱንም ለይተህ ተናገር፤ በኋላ ልጆቹ እንዳይባሉ" አሉት። አባቴም እሺ አለ። እዚያው ወረቀት ላይ፣ ከሕክምናው ቃል ሥር፣ የታችኛው ማሳ ለማን፣ ላሟ ለማን እየተባለ ተጻፈ። ሁሉም አሻራቸውን አደረጉ። ወረቀቱ ታጥፎ በጧፍ ሰም ታሸገ። ቄሱም መስቀላቸውን አውጥተው፣ "ይህ ሰው ሳያርፍ ይህን የከፈተ፣ ያስከፈተ፣ የተገዘተ ይሁን" አሉ።

"አሜን" አልን። እኔም፣ ምናለም፣ አባቴም ጭምር። ግዝት ሲባል አሜን ይባላል፤ ማን ያስባል? ቄሱ ወረቀቱን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ እኛም አንድ ነገር ሠራን ብለን ተደሰትን።

ቅዳሜ ዕለት አዲስ ቅዳም ገበያ የሰፋሁትን ቀሚስ ዘርግቼ ሳለሁ ምናለ ደወለ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ "አባባ... ቶሎ ነይ" የሚለውን ብቻ ሰማሁ። ዕቃዬን ከጎኔ ላለችው ሴት ጥዬላት በባጃጅ በረርሁ። ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። የገበያ ቀን ስለሆነ መንገደኛው ሁሉ ጩኸት ሰምቶ ገብቷል። አባቴ መደቡ ላይ ነው። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ዓይኑ ያያል፣ አንደበቱ ግን የለም። ታናሽ ወንድሙ አያ ፈንታ ጎረምሶቹን ቃሬዛ ያስበጃል።

"አያ ፈንታ፣ በእመቤቴ ይተዉት" አልሁ። "አትውሰዱኝ ብሏል። አስጽፏል።"

"የታል ጽሑፉ?"

"ከቄሱ ዘንድ።"

ምናለ ሮጦ ቄሱን አመጣቸው። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "አባ፣ ይክፈቱት። የላይኛውን ብቻ ያንብቡላቸው።"

ፊታቸው ልውጥውጥ አለ። "ልጄ፣ ቃሉን እኔም ሰምቻለሁ። ግን ኑዛዜ ነፍስ ሳትወጣ ይከፈታል? የገዘትሁ እኔ፣ የምጥስ እኔ? አሁን ብከፍተውስ ሞቱን ጠራሁበት ማለት አይደል?"

"እሺ፣ በቃል ይንገሯቸዋ!"

"የኑዛዜ ቃል ከአፌ አይወጣም።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች እዚያው ቆመዋል። አንገታቸውን ደፉ። ሁሉም ያውቃሉ፤ ማንም አይናገርም። አያ ፈንታ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ "መሬቱ ነው እንዲህ ያስቸኮለሽ?" አለኝ፤ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ምናለም ያችን ቃል ሲሰማ አፉን ዘጋ። አልፈርድበትም፤ እኔ ወደ ከተማዬ እመለሳለሁ፣ እሱ የሚኖረው ከእነሱ ጋር ነው።

ተሸክመው ሲያወጡት አባቴ የበሩን መቃን ያዘ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ያን ጉልበት ከየት አመጣው? "አይዞህ፣ ትድናለህ" እያሉ ጣቶቹን አላቀቁት። አንዲት ሴት "አየ ነፍስ! እንዴት ትጣፍጣለች" ስትል ሰማሁ።

እንጅባራ ብዙም አላቆዩንም፤ በአምቡላንስ ወደ ባሕር ዳር ላኩን። እዚያ የተቀበለችን ሐኪም ቱቦ ማስገባት እንዳለባት ነግራን ፈርሙ አለች።

"አባቴ አይፈልግም" አልኋት።

"የተጻፈ ነገር አለ?"

"አለ።"

"አሳዩኝ።"

"ታሽጓል። የሚከፈተው ሲሞት ነው።"

የማሾፍባት መስሏት ይሁን፣ ያበድሁ መስሏት፣ የሚፈረመውን ወረቀት ወደ ምናለ አዞረችው። አያ ፈንታ ከኋላው ቆሟል። ምናለ ፈረመ።

በማግስቱ እሱ ወደተኛበት ክፍል አስገቡኝ። ቱቦውን እንዳይነቅለው ሁለት እጆቹን በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር አስረዋቸዋል። በሰው እጅ ያልወደቀ፣ ውኃ እንኳ ራሱ ቀድቶ የሚጠጣ ሰው ነበር። ሳምንት ያህል እንዲያ ቆየ። አንድ ቀን ጠዋት፣ እኛ የመግቢያ ሰዓት እስኪደርስ ውጭ በር ላይ ተኮልኩለን ሳለን ሞተ። ቄስ አልነበረም፤ ቁርባን አልነበረም፤ ልጅም አልነበረም።

በሣልስቱ ቄሱ ሰሙን ሰብረው ወረቀቱን ከፈቱ። "ባሕር ዳር አትውሰዱኝ..." ብለው ሲጀምሩ አያ ፈንታ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። የቄሱንም እንባ አየሁ፤ አልዋሽም። ከዚያ "የታችኛው ማሳ" የሚለው ላይ ሲደርሱ ሁሉም ጆሮውን አቆመ፤ የላይኛው በዚያው ተረሳ።

በቀደም አያ ፈንታ እያሳለ እንጅባራ ሱቄ ድረስ መጣ። ይቅርታ ጠየቀኝና፣ "ለእኔም ጻፊልኝ፤ እንደ ወንድሜ እንዳልሆን" አለኝ። እሺ አልሁት። ግን መሬትና ከብት እንዳይገባበት፣ እንዳይታሸግ፣ ልጆቹ እጅ ላይ እንዲቀመጥ ለመንሁት። ደነገጠ።

"ኑዛዜ ተገልጦ ይቀመጣል እንዴ? ሟርት አይሆንብኝም? ከቄሱ ዘንድ ይቀመጥልኝ እንጂ" አለ።

ወይ አያ ፈንታ! ጻፍሁለት። አመስግኖኝ፣ ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ በሚኒባስ ወደ ቄሱ ሄደ። የእሱም ቀን ሲደርስ ቃሬዛ ይበጅለታል፤ ከአሁኑ ይታየኛል።

ጎረቤቶቼ "አባትሽኮ ሁሉ ተደርጎለት ነው የሞተ፤ ተጽናኚ" ይሉኛል። እኔ የምቃጠለው በመሞቱ አይደለም። አንደበት ቢኖረው ኖሮ የሚጠይቀኝን አውቀዋለሁ። ያን ዕለት እጁ ታስሮ ሲያየኝ፣ ጆሮው ላይ ጎንበስ ብዬ በአገውኛ "አባባ፣ ወረቀቱን ክፈቱልን ብንል እምቢ ብለውን ነው" አልሁት። ይስማኝ አይስማኝ እንጃ። ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳና ጣሪያውን ማየት ጀመረ። እስኪያስወጡኝ ድረስ ቆሜ ጠበቅሁት፤ መልሶ አላየኝም።