ቲቸር ተሾመ የካዱት የቅዳሜ ሒሳብ

ሌላው ስደተኛ ታሪኩን ሲጀምር "በሌሊት ወጣሁ" ይላል። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ዓርብ፣ በጁምዓ ሰላት ሰዓት። የአሰበ ተፈሪ፣ የጭሮ ማለቴ ነው፣ ወንድ መስጊድ በገባበት፣ የቀበሌው ጥበቃም ጥላ ፍለጋ በሄደበት ሰዓት እናቴ ድሬዳዋ በሚሄድ የጫት መኪና ላይ አሳፈረችኝና "ዞረሽ እንዳታይ" አለችኝ። ዞሬ አየሁ። አባቴ አልነበረም፤ ሳይሰናበተኝ ሰላት ሄዷል። አባቴ ልጁን ሳይሆን የልጁን አስተማሪ አምኖ ነበር፤ ከአገሬ ይዤው የወጣሁት ትልቁ ጓዝ እሱ ነው።

ነገሩ የሒሳብ ነው። አትሳቁ፤ በሒሳብ የተሰደደ ሰው እኔን አይታችኋል።

ቲቸር ተሾመ የአሥረኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪያችን ነበሩ፤ ከጎጃም ተመድበው የመጡ። ጎበዝ ነበሩ፤ ይህን አልክድም፤ መካድ የሚችሉበት እሳቸው ናቸው። በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ የጻፉትን በአማርኛ ያብራሩታል። እኛ የከተማ ልጆች አማርኛውም ኦሮምኛውም አፋችን ላይ ነው። ከመሰላና ከቦርደዴ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ግን እንግሊዝኛው ሳይገባቸው አማርኛው ይደረብባቸዋል። አምስት ሆነው አንድ መጽሐፍ ላይ ይጎነበሳሉ። ትልቅ ሰው ፊት "አልገባኝም" ማለት ደግሞ ነውር ነው፤ ስለዚህ ዝም። መምህራኑ ዝምታውን አይተው "እነዚህ ለሒሳብ አልተፈጠሩም" ይሉ ነበር። የጫት እስር በዓይኑ ለክቶ ለአራት እኩል የሚያካፍል ልጅ ለክፍልፋይ አልተፈጠረም!

አንድ ቀን ቲቸር ለብቻዬ ጠሩኝ።

"ፈትያ፣ እነዚህ ልጆች ምን ሆነው ነው?"

"ቲቸር፣ የከበዳቸው ሒሳቡ አይደለም። ቋንቋው ነው።"

"አንቺ ብታስረጃቸውስ?"

"በኦሮምኛ?"

"በሚገባቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ አድርጊው። ማንም ቢጠይቅ እኔ አለሁ።"

ቅዳሜ አንዲት ባዶ ክፍል ገባን። "ኤክስ ኬሱማ ነው፤ እንግዳ" አልኳቸው በኦሮምኛ። "ቤት የገባ እንግዳ ማነህ አይባልም። መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ይበላል። ኤክስንም ለብቻው አስቀምጡት፤ በዙሪያው ያለውን ስታነሱለት ማንነቱን ራሱ ይነግራችኋል።" ሳቁ። ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ሰምተነው የማናውቅ አንድ የመሰላ ልጅ ተነሳና ጠመኔውን ከእጄ ወስዶ ሠራው። በሚቀጥለው ፈተና ቲቸር የልጁን ወረቀት ሁለት ጊዜ አረሙት፤ ዓይናቸውን አላመኑም። እኔ ደግሞ የሒሳብ አስተማሪ እንደምሆን ያን ጊዜ ቆረጥኩ። ሌላ ነገር ተመኝቼ አላውቅም።

አምስተኛው ቅዳሜ ላይ የደርጉ ካድሬ በሩን ከፍቶ ገባ። ሰሌዳውን አይቶ፣ እኛን ቆጥሮ ወጣ። ሰኞ ዳይሬክተሩ ቢሮ ከአባቴ ጋር ተጠራሁ፤ ካድሬውና ቲቸርም እዚያ ነበሩ።

"በኦሮምኛ ስብሰባ ማን ፈቀደልሽ?" አለኝ ካድሬው።

"ስብሰባ አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ቲቸር ተሾመ ናቸው የፈቀዱልኝ።"

ካድሬው ወደ እሳቸው ዞረ። "ጓድ ተሾመ?"

ቲቸር መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። "እኔ የማውቀው ነገር የለም" አሉ። "ራሷ ሰብስባቸው ይሆናል።"

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ከፊት ከፊቴ ይሄድ ነበር። "አባ፣ ወላሂ እሳቸው ናቸው ያሉኝ" አልኩት። "አስተማሪ አይዋሽም" አለኝ፣ ሳይዞር። በእኛ ሰፈር የአስተማሪ ቃል ከሼኩ ቃል ቀጥሎ ነው። በሳምንቱ ቀበሌ ቅረቢ የሚል ወረቀት መጣ። እዚያ ቀርበው ያልተመለሱ ስለነበሩ እናቴ ቀኑ እስኪደርስ አልጠበቀችም።

ቲቸር ፈርተው ነው ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ፈርተዋል። እኔስ አልፈራሁም? እኔ ግን በሰው ላይ አላሳበብኩም። ተናድጄባቸው እንኳ አንቱ እላቸዋለሁ፤ አንተ ልላቸው ስል አፌ እምቢ ይለኛል፤ ይህም ያናድደኛል።

ከድሬዳዋ ወዲያ ያለውን የእግር መንገድ ተዉኝ። ጅቡቲ ስደርስ ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ ነበር። አቤት ሙቀት! የጭሮ ሰው ጋቢ ደርቦ በሚንቀጠቀጥበት ወር እዚህ ግድግዳው ያልበዋል። ባጌት የሚባለው ዳቦ ሲነከስ ድድ ይቆርጣል፤ ለአንዲት የማሽላ ቂጣ አልቅሻለሁ፣ አላፍርም። የስደተኛ መዝጋቢው ቅጹን ዘርግቶ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

"ሥራ?"

"ተማሪ።"

"ተማሪ ሥራ አይደለም። ምን ታውቂያለሽ?"

"ሒሳብ።"

ሁለቱም ተያይተው ሳቁ። "ለሒሳብ የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ የለም" አለና "የቤት ሠራተኛ" ብሎ ሞላልኝ። እንደተጻፈው ሆነ።

ክፍል ያከራዩኝ ዓሚ ሷሊህ የሚባሉ የመናዊ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዓሚ በዐረብኛ አጎቴ ማለት ነው። "እንግዳ አታምጪ፣ ውሃ አታባክኚ፣ አታልቅሺ" ይሉኛል። "ዓሚ፣ ማልቀስስ ምን ያጎድላል?" ብላቸው "ጎረቤት እኔ የመታሁሽ ይመስለዋል" አሉኝ። ልጃቸው ግን ከእኔ ብሳ ታለቅስ ነበር፤ በሒሳብ ምክንያት። ቤቷ ዐረብኛ ነው፣ ትምህርት ቤቷ ፈረንሳይኛ። ፈረንሳይ ዘጠና ለማለት "ካትር ቫን ዲስ" ይላል፤ አራት ጊዜ ሃያ፣ ሲደመር አሥር። ቁጥሩን ለመጥራት ብቻ ሒሳብ መሥራት ሊኖርባት ነው! አስተማሪዋም ደደብ ናት ብሏቸዋል። በተሰባበረ ዐረብኛዬ፣ በቴምር ፍሬ አስረዳኋት፤ ገባት። ዓሚ ሷሊህ ከዚያ ወዲያ ማልቀስ ፈቀዱልኝ። እኔም በሰው አገር፣ መጥረጊያ በእጄ ይዤ፣ ልክ እንደነበርኩ ደግሜ አረጋገጥኩ። ግን ለማን ልንገር?

ዓመታት አለፉ። መንግሥት ወደቀ ሲባል መጀመሪያ ያሰብኩት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሰላሙን አይደለም። አሁን የሚያስፈራቸው የለም፣ ቲቸር እውነቱን ለአባቴ ይነግሩታል ብዬ ነው። በሾፌር መልእክት ልኬ አባቴን የጭሮ ቴሌ አስጠራሁት። ከወጣሁ ወዲህ ድምፁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። አርጅቷል።

"ፈቲ፣ ልጆቹ በኦሮምኛ ሊማሩ ነው ተብሎ ትምህርት ቤት ስብሰባ ነበር" አለኝ። "ቲቸር ተሾመም ተነስተው ተናገሩ።"

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። "ምን አሉ?"

"'በዚያ ክፉ ዘመን ልጆቹ በቋንቋቸው ሒሳብ እንዲማሩ ያደረግሁ እኔ ነኝ' አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር አሉ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበላቸው።"

"ስለ እኔስ?"

"ስምሽን አላነሱም" አለኝ። "ነግረሽኝ ነበር፣ ልጄ። ነግረሽኝ ነበር።"

"አባ፣ አንተስ አጨበጨብክ?"



"ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር እኮ፣ ፈቲ" አለኝ።