የቡሬ ፈረሶችና ጂፒኤሱ

ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ፣ ሁሉም ነገር በዕቅድና በግምገማ በሚሄድበት ዘመን፣ ቡሬ ውስጥ የስፖርት ባለሙያ ነበርኩ። ለአገር አቀፉ የፈረስ ፍጥነት ሻምፒዮና ማጣሪያ አዘጋጁና አንድ ጋላቢ ከነፈረሱ ምረጡ ተባልን። ፍጥነቱም በጂፒኤስ እንዲለካ መመሪያ ወረደ። ጋላቢው መሣሪያውን ክንዱ ላይ አስሮ ለብቻው ይጋልባል፤ ከመነሻ እስከ መድረሻ አማካይ ፍጥነቱ የበለጠው ያሸንፋል። በዓይናችን አይተን «ያኛው ቀደመ» ስንል ለኖርን ሰዎች ነገሩ ግራ ነበር።

መሣሪያውን የገበሬ ማሳ ከሚለኩት የመሬት አስተዳደር ሰዎች ለአንድ ቀን ተዋስን። አብሮት የመጣው ባለሙያ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው፤ እንደኔው። ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለውን ሰፊ ሜዳ የመረጥነው ሁለታችን በሞተር ብስክሌት ዞረን ነው። ሜዳው መሃሉ ላይ ወደ ጎድጓዳ ይወርድና ተመልሶ ይወጣል። ሰማዩ ክፍት ስለሆነ ሳተላይቱ በደንብ ያየዋል አለኝ። እኔም ሳተላይቱ ካየው ምን ቀረ ብዬ ተስማማሁ።

ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የእናቴ ወንድም ነበሩ። ዳማ ፈረሳቸው በአካባቢው የታወቀ ነው፤ ግን እያረጀ ነው፤ ለከርሞ እንደማይሮጥ እሳቸውም ያውቃሉ። «ዘንድሮ አንዴ አገር ይየው እንጂ ከዚያ በኋላ ሣሩን ይብላ» ይሉ ነበር። ዳኛ ሆኜ እንዲህ ማለት ባይገባኝም፣ የምፈልገው እሳቸው እንዲያሸንፉ ነበር። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ውድድሩ ተጀመረ። የመጀመሪያው ፈረስ አቧራ እያስነሳ መጣ፣ ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ ከዓይናችን ጠፋ፣ ቆየ፣ ከዚያ እንደገና እየበረረ ወጣ። መሣሪያውን ስናየው የተጫነ አህያ ፍጥነት ነው የሚያሳየው። ሁለተኛውም እንደዚያው፤ ሦስተኛውም። ባለሙያው ባትሪ ቀየረ፤ ደመና ነው አለ፤ ሰማዩ ላይ ግን ደመና የለም። ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ እኛ እርስ በርሳችን እንተያያለን። በመጨረሻ ተናደድኩና ጎድጓዳው ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት በእግሬ ወረድኩ።

ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ጽድ ከቦት፣ መንገዱ በደጁ ሥር ያልፋል። ቀጣዩ ጋላቢ እየከነፈ መጣና ልጓሙን ሳበ፣ ወረደ፣ አማተበ፣ ተሳለመ፣ ቅጽሩን እስኪያልፍ ፈረሱን እየሳበ ሄደና ተፈናጦ በረረ። በደጀ ሰላሙ ፊት ማን በፈረስ ይቀመጣል? እኔ በሞተሬ ሳልፍ ግን መውረዱ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ዛፍ ሥር የተቀመጡትን ሽማግሌዎች «ምነው ቀድማችሁ ባትነግሩን?» አልኳቸው።

«ምኑን ልጄ? ሁሉም ይወርዳል። ሁሉም ከወረደ ማን ተበደለ?»

ሌላ ሜዳ እንዳንሄድ የሮጡት ፈረሶች ደክመዋል፤ መሣሪያው ደግሞ ነገ የለም። እየመራ ያለው ለካስ ፈረሱ የፈጠነው አልነበረም፤ ከፈረሱ ወርዶ ልጓም እየሳበ የሚሮጥ አንድ ባለ ረጅም እግር ጎረምሳ ነው።

የመጨረሻው ተወዳዳሪ አጎቴ ነበሩ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ወርደው እስኪፈናጠጡ ሁሉም ነገር እንደሚያልቅ ገባኝ። መነሻው ድረስ ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ ዛሬን ብቻ አይውረዱ። ከላይ ሆነው ያማትቡ» አልኳቸው በሹክሹክታ።

ትንሽ አዩኝ። ቆቤን አስተካከሉልኝና ፈረሳቸውን አዞሩ። እሺ ይሁን እምቢ አልገባኝም።

በአቋራጭ ወደ ጎድጓዳው ተመለስኩ። ዳማው ሲመጣ እንደዚያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም፤ የዚያን ቀን የሚጠጋው ፈረስ አልነበረም። «ይለፉ! ይለፉ!» እያልኩ በሆዴ ጮህኩ። ደጁ ጋ ሲደርሱ ልጓሙን ሳቡ። ቀስ ብለው ወረዱ። ተሳለሙ። ሌሎቹ አማትበው ሲያልፉ እሳቸው ግንባራቸውን ግንቡ ላይ አሳርፈው ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ዳማው በእግሩ መሬቱን ይጭራል፤ እኔ ደግሞ እንባዬ መጣ፤ የንዴት ይሁን የሌላ እስካሁን አልለየሁትም። ከዚያ ድንጋይ ላይ ቆመው በመከራ ተፈናጠጡና ሄዱ።

መድረሻው ላይ ሳገኛቸው ፊታቸው በርቷል። ክንዳቸውን ዘረጉልኝ፤ መሣሪያውን ፈታሁ። ፍጥነታቸው ከሁሉም የመጨረሻ ነበር።

«ምን ሲያደርጉ ነው ያን ያህል የቆዩት ጋሼ?»

«እንዲያሸንፍልኝ ስለት እየተሳልኩ ነዋ» አሉኝ፤ የዳማውን አንገት እየዳበሱ። «ስንተኛ ወጣን?»