አቶ ታደሰ ከመላው ቡድን የበለጠ ነጥብ ያስቆጠሩበት ጨዋታ

ዛሬ ኮልፌ፣ በወዳጃችን በሐጂ ኑሩ ለቅሶ ላይ፣ አቶ ታደሰ በጃንሆይ ዘመን በተደረገው የክለቦች የቅርጫት ኳስ ፍጻሜ ብቻቸውን አርባ ነጥብ እንዳስቆጠሩ ለወጣቶቹ አወሩ።

እኔም ከተሰላፊዎቹ አንዱ ነበርሁ። ቡድናችን በጠቅላላው ያስቆጠረው ሠላሳ ስምንት ነጥብ ነው፤ ሃያ ስድስቱም የሟቹ ነበሩ።

ትርፎቹን ሁለት ነጥቦች ምናልባት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ጦር ኃይሎች ሰፈር ላይ አስቆጥረዋቸው ይሆናል።

የሟቹ ልጆች እየሰሙ ስለ ነበር ዝም ማለት አልቻልሁም። «አቶ ታደሰ፣ የሐጂን ነጥቦች ለልጆቻቸው ይተዉላቸው» አልኋቸው።

የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ዘይነባ ቀና አሉ። «ይተዉአቸው ጋሼ። አቶ ታደሰ ያን ቀን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሐጂን ካፖርት ይጠብቁ ነበር። እሱን ግን በደንብ ጠብቀዋል።»

የሟችን ጀብዱ ለመውረስ ለቅሶ የሚደርስ ሰው በእናንተስ ሰፈር አለ? እስቲ ጻፉልን።