እጃቸውን ከኪሳቸው ያላወጡት አማቼ

ይህ ከሆነ ገና ዓመት አልሞላውም። ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ሳቄን ሳልጨርስ ደግሞ ጀርባዬን ቀዝቀዝ ይለኛል።

ጎባ የምሠራ ነርስ ነኝ። የባለቤቴ አባት ጋሽ አበራ የሚኖሩት ሮቤ ነው። ከአባታቸው የወረሷት፣ ፈቃድ ያላት፣ መዳፍ የማትሞላ ሽጉጥ አለቻቸው። ከኋላዋ ያለችው መምቻ በአውራ ጣት ወደ ኋላ ካልተሳበች፣ ቃታዋን ቢስቡት አትተኩስም። እሳቸውም ይህን ተማምነው ጥይቷን እንደጎረሰች፣ ያለ ማህደር፣ ከቁልፍና ከመሀረብ ጋር ሱሪ ኪሳቸው ውስጥ ይከቷታል። "አባባ፣ ይቅርብዎ" ስላቸው "እሷ ሳላዛት አትናገርም" ይሉኛል።

የዚያን ቀን ደም ግፊታቸውን ለማስለካት ወደ ጎባ ይዣቸው ስሄድ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ነበር። ገና ከሮቤ እንደወጣን አስነጠሳቸውና መሀረባቸውን ከኪሳቸው ሳብ አደረጉ።

ቀጭ!

ፊታቸው አመድ መሰለ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ልጄ፣ እንዳትደነግጪ። ተቀባብላለች" አሉኝ። መሀረቡ መምቻዋ ላይ ተጠምጥሞ ወደ ኋላ ስቧታል፤ እሳቸው በአውራ ጣታቸው ጥርቅም አድርገው ይዘዋታል። አፏ ወዴት እንደዞረ ባይ፣ ወደ እኔ ጭን ነው።

አፌን ሳልከፍት ከፊታችን የተቀመጡት ሽማግሌ ዞር አሉ። ሀጂ ቃሲም ናቸው፣ የአማቼ የልጅነት ጓደኛ። በእርሻ ድንበር ተጣልተው ተኮራርፈው ከርመው፣ በሽማግሌ የታረቁት ገና በዚያው ወር ነበር።

"ያ አበራ! አካም ጂርታ?" ብለው በኦሮምኛ ደህንነታቸውን እየጠየቁ እጃቸውን ዘረጉ።

"ፈያ... ፈያ" አሉ አማቼ በላብ ተጠምቀው። እጃቸው ግን ከኪሳቸው አልወጣም።

የሀጂ እጅ አየር ላይ ቀረ። "እርቁ ለሽማግሌዎቹ ይሉኝታ ኖሯል?" አሉ።

ጨነቀኝና ዋሸሁ። "ኧረ ሀጂ፣ እጃቸው በድን ሆኖባቸው ነው!"

የባሰ አመጣሁ። አንዲት እናት ከቦርሳቸው ጠበል አውጥተው ይረጯቸው ጀመር። ከኋላ ያለ ጎልማሳ ደግሞ "ወጌሻ ነኝ" ብሎ ክርናቸውን ይዞ ሊጎትት!

"አትንካኝ!" አሉ አማቼ።

"ልቀቃቸው!" አልኩ እኔ፤ ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ።

ሀጂ ያበጠውን ኪስ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ረጋ ብለው "ሾፌር፣ አንዴ አቁምልን። እኔና አበራ የምንወርድበት ጉዳይ አለን" አሉ።

ስንዴ ማሳ ዳር ወረድን። ሀጂ በሰንጢ ኪሱን ከነሱሪው ቀደዱት። ሽጉጧን ወደ መሬት አዙረው መምቻዋን ቀስ አድርገው መለሱና ጥይቷን አውጥተው መዳፋቸው ላይ አሳዩን።

"ወላሂ፣ ይቺን ልጅ ገድለሃት ነበር" አሉ። አማቼ አቀረቀሩ። እኔ አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ነፋስ የተቀደደውን ሱሪ ሲያውለበልበው ሀጂ ሳቅ አመለጣቸው፤ ተከትለን ፈነዳን።

ዛሬ ሽጉጧ ጥይቷ ወጥቶ ሳጥን ውስጥ ተቆልፋለች። የእኔ ውሸት ግን እስካሁን ሮቤ ውስጥ ይዞራል። ሰው አማቼን ባገኘ ቁጥር "እጅዎ ተሻለዎት?" ይላቸዋል። ለመድኃኒት ብሎ የደሎ መና ማር የሚያመጣላቸውም አለ። እሳቸው ጣታቸውን እያጠፉ እየዘረጉ "ይመስገን፣ ደህና ነው" ብለው ይቀበሉና ግማሹን ለእኔ ይልኩልኛል።

መዋሸቴን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። የማሩን ነገር ግን ገና አላነሳሁላቸውም።