አሮጌው የድንበር ድንጋይ

መካነ ሰላም፣ የመሬት ጽሕፈት ቤት ስሠራ ነው። የሁለት ወንድማማቾችን ማሳ ለሁለት ከፍዬ ኮምፒውተሩ ላይ እያስቀመጥኩ ሳለ መብራት ድርግም አለ። ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ቀርቶ፣ ማሳው የማንም ሳይሆን ጠፋ ብዬ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት።

መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ራሱን ፈትሾ ተነሣ። ማሳው ሳይከፈል፣ እንደ ድሮው ሙሉውን ቁጭ ብሏል።

“አጃኢብ ነው!” አልኩ።

ድንበሩን ያካለሉት ሽማግሌ ከፊቴ ተቀምጠው ነበርና፣ “ምን ተገኘ ልጄ?” አሉኝ። ኮምፒውተሩ አዲሱን መዝገብ ሌላ ቦታ ጽፎ ሳይጨርስ አሮጌውን እንደማያጠፋ ነገርኳቸው።

እሳቸውን ምንም አልገረማቸውም።

“እኛስ አዲሱን የድንበር ድንጋይ ሳንተክል መቼ አሮጌውን ነቅለን እናውቃለን? መሐል ላይ ዝናብ ቢያባርረን፣ ማሳው ያለ ድንበር ይደር?”